የሌሉ ወይስ የተገቱ? በዘነበወርቅ ግቢ ስለ ሕዋሳት ዝምታ የተደረገ ምርምር ታሪክ

ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ወደ ጅማ መንገድ አቅጣጫ ለሚሄድ ሰው የዘነበወርቅ ግቢ እንግዳ አይደለም። አለርት የሚባለውን ሆስፒታል የያዘው ይህ ግቢ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሲሆን፣ የሰፈሩ ሰው ስሙን የሚያነሣው ከሥጋ ደዌ ጋራ ነው። እኛም በቀራንዮ ስናድግ የምናውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብተን የሕዋስን ትምህርት ስንጀምር፣ መምህራችን አንድ ሕዋስ ከውጭ የደረሰውን መልእክት በውስጡ እንዴት እንደሚያስተላልፍና ሥራው ሲፈጸም እንዴት እንደሚያጠፋው አስረዱን። ምሳሌዎቹ ሁሉ ከአሜሪካና ከጃፓን የመጡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በቤተ መጻሕፍት ስንፈልግ ግን የዚሁ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ከቤታችን በእግር በሚደረስበት ቦታ የተሠራ ሆኖ አገኘነው።

ምዕራፉ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። አንዳንድ የሥጋ ደዌ በሽተኞች ሰውነታቸው በበሽታው ባክቴሪያ እስኪሞላ ድረስ፣ ባክቴሪያውን ሊዋጉ የሚገባቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ምንም ሳይናገሩ ዝም ይላሉ። እነዚህ ሕዋሳት ዝም ያሉት ጭራሹን ስለ ሌሉ ነው? ወይስ ኖረው ሳለ አንድ ነገር ስለ ገታቸው? ጥያቄው ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚሆን አይደለም። የሌለ ሕዋስ ሊቀሰቀስ አይችልም፤ የተገታ ሕዋስ ግን ልጓሙ ከተፈታለት ይነሣል። በዘነበወርቅ ግቢ ለዚህ ጥያቄ በ1971፣ በ1983ና በ2014 ሦስት መልስ ተሰጥቶአል፤ ሦስቱም አንድ ዐይነት አይደሉም። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን መልሶች በየተራ ለመመርመር እንሞክራለን። የምርምር ጽሑፎቹ የታተሙት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የግቢውን ታሪክ ባጭሩ ብንናገር፣ የሥጋ ደዌ በሽተኞች መታከሚያ በዚህ ቦታ የተጀመረው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሚሲዮናውያን ነው። ስሙንም ያገኘው በ1934 ካረፉት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በ1965 አለርት ተቋቁሞ ግቢው ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ሆነ። በ1970 ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ባደረጉት ርዳታ፣ ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በሆስፒታሉ ጎን ተከፈተ። ሐንሰን በ1873 በበርገን ከተማ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘ ኖርዌጃዊ ሐኪም ነው። በሽታ በዘር ወይም በርግማን ይመጣል ይባል በነበረበት ዘመን ይህን ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ለምጽ ስናነብ የዘነበወርቅን በሽተኞች እናስብ ነበር፤ ዛሬ ሊቃውንቱ እንደሚሉት ግን በብሉይ ኪዳን ለምጽ የተባለው ልዩ ልዩ የቆዳ ነገርን የሚጠቀልል ቃል ነው እንጂ ከሥጋ ደዌ ጋራ አንድ አይደለም። በዚህ ስሕተት ምክንያት ስንት ሰው ከቤቱ እንደ ወጣ መገመት አያስቸግርም።

ወደ ጥያቄው ለመግባት የበሽታውን ሁለት ገጽ ማወቅ ያስፈልጋል። በአንደኛው ዳር ቱበርኩሎይድ የሚባለው ዐይነት አለ። ይህ የያዘው ሰው በቆዳው ላይ ስሜት ያጣ አንድ ወይም ጥቂት ቦታ ይታይበታል፤ ባክቴሪያው ግን በማይክሮስኮፕ ቢፈለግ በጭንቅ ይገኛል፤ ምክንያቱም ሕዋሳቱ በኃይል እየተዋጉት ነው። በሁለተኛው ዳር ሌፕሮማተስ የሚባለው አለ። በዚህኛው ባክቴሪያው በቆዳና በነርቭ ውስጥ ተቁጥሮ በማያልቅ ብዛት ይራባል፤ የሚገታው የለም። ጃፓናዊው ሐኪም ሚትሱዳ በ1919 እንዳሳየው፣ ከሥጋ ደዌ እባጭ የተዘጋጀ የሞተ ባክቴሪያ በክንድ ቆዳ ውስጥ ሲወጋ ቱበርኩሎይድ የያዘው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያብጥበታል፤ ሌፕሮማተስ የያዘው ግን ምንም አይሆንም። ሪድሊና ጆፕሊንግ በ1966 በሁለቱ ዳሮች መካከል ያሉትን ደረጃዎች ለይተው በአምስት ከፈሉአቸው፤ ዛሬም የሚሠራበት ይኸው ነው። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሌፕሮማተስ በሽተኛ ሰውነት በጠቅላላው የተኛ አይደለም፤ በደሙ ውስጥ ባክቴሪያውን የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ይገኛል። የጠፋው የሕዋሳቱ ውጊያ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ኢንስቲትዩቱ በተከፈተ በማግሥቱ ነው ለማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ዲሬክተር ቶሬ ጉዳል የሚባል ወጣት ኖርዌጃዊ ሐኪም ነበር። እርሱና የሥራ ባልደረቦቹ የተጠቀሙበት መንገድ ከበሽተኛው ደም ሊምፎሳይት የሚባሉትን ነጭ ሕዋሳት ለይቶ በብርጭቆ ውስጥ ከሞተ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋራ ማኖር ነበር። ሊምፎሳይቱ ባክቴሪያውን የሚያውቀው ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያድጋል፣ ይከፈላል፤ ለመከፈልም አዲስ ዲኤንኤ መሥራት አለበት። ጨረር ያለው ቲሚዲን ቢጨመርለት ያንን ወደ ዲኤንኤው ያስገባዋልና፣ ምን ያህል እንደ ገባ በመቁጠር ሕዋሳቱ መልስ መስጠታቸውና አለመስጠታቸው ይታወቃል። ሥራው ቀላል አልነበረም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ከሐንሰን ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ በብርጭቆ ውስጥ ሊራባ ስላልቻለ፣ ለምርመራው የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ከሕያው አካል መገኘት ነበረበት።

በ1971 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር። የቱበርኩሎይድ በሽተኞች ሕዋሳት መልስ ሰጡ፤ የሌፕሮማተሶቹ አልሰጡም። ችግሩም ለሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የተለየ ነበር እንጂ የሕዋሳት ሁሉ ድካም አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ለጽሑፋቸው በሰጡት ርእስ ጉድለቱን የገለጹት፣ ባክቴሪያውን የሚያውቁ ሊምፎሳይቶች በደም ውስጥ አለመኖር ብለው ነው። ይህ እንግዲህ የመጀመሪያው መልስ ነው፤ የሌሉ ናቸው የሚለው። በማግሥቱ ዓመት ይኸው ቡድን በሽተኞችን የሚያስታምሙ ጤነኞችን መርምሮ፣ ብዙዎቹ ሳይታመሙ ሕዋሳቶቻቸው ለባክቴሪያው መልስ እንደሚሰጡ አሳየ። ይህም ማለት ባክቴሪያው የሚገባበት ሰው ከሚታመመው ሰው እጅግ ይበልጣል ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ ጽሑፎች ለሰፈራችን ሰው የበለጠ ሊነገረው የሚገባ ይህ ሁለተኛው ነበር።

ነገር ግን የ1971ዱ መደምደሚያ አንድ ክፍተት ነበረበት። በብርጭቆ ውስጥ ዝም ያለ ሕዋስና በብርጭቆ ውስጥ የሌለ ሕዋስ ለቆጣሪው መሣሪያ አንድ ናቸው። ለመለየት የሚቻለው ሕዋስ መልእክትን እንዴት እንደሚቀበልና እንዴት እንደሚያጠፋ ሲታወቅ ነው፤ ያ ዕውቀት ደግሞ በዚያን ጊዜ ገና በመሠራት ላይ ነበር። ስለዚህ ከዘነበወርቅ ለጥቂት ጊዜ ወጥተን ይህንን ማየት ይኖርብናል።

በ1955 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ኤድዊን ክሬብስና ኤድመንድ ፊሸር የጡንቻ ሕዋስ ያጠራቀመውን ስኳር እንዴት እንደሚፈታ ሲመረምሩ፣ አንድ ኢንዛይም የሚነሣው ፎስፌት ሲጣበቅበት፣ የሚተኛውም ያ ፎስፌት ሲነሣለት መሆኑን አገኙ። ፎስፌትን የሚለጥፍ ኢንዛይም ካይኔዝ ይባላል፤ የሚያነሣው ፎስፋቴዝ ይባላል። ይህ ነገር መጀመሪያ የጡንቻ ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር፤ በኋላ ግን በሕዋስ ሁሉ ውስጥ የሚሠራበት ሆኖ ተገኘና ሁለቱ ሰዎች በ1992 የኖቤልን ሽልማት አገኙ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። በሕዋስ ውስጥ መልእክት ማጥፋት ማለት መልእክቱ በራሱ ጊዜ እስኪደክም መጠበቅ አይደለም፤ ለማጥፋት የተመደበ ሠራተኛ አለ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በሌሊት ይዞራል፤ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ግን ማቆም አለበት፤ ለማቆምም የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ሥጋ ደዌን የሚዋጋው ቲ ሊምፎሳይት የሚባለው ሕዋስ መልእክቱን የሚቀበለው እንዲህ ነው። ሌላ ሕዋስ ባክቴሪያውን በልቶ ቁራጩን በላዩ ላይ አውጥቶ ያሳየዋል። የቲ ሊምፎሳይቱ ተቀባይ ከቁራጩ ጋራ ሲገጥም፣ በተቀባዩ ሥር ያሉት ካይኔዞች ፎስፌት እየለጠፉ መልእክቱን ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው ያሻግሩታል። በመጨረሻ በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይላል። ካልሲየሙ ካልሲኒውሪን የሚባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል። ካልሲኒውሪን ፎስፋቴዝ ነው፤ ሥራው ፎስፌት ማንሣት ነው። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኤንፋት የሚባለው ፕሮቲን ፎስፌቱ ሲነሣለት ነው ወደ ሕዋሱ አስኳል የሚገባው። ገብቶም ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋራ ሆኖ የኢንተርሉኪን 2ን ዘረ መል ይከፍታል። ኢንተርሉኪን 2 ከሕዋሱ ወጥቶ ራሱን ሕዋሱንና ጎረቤቶቹን ተባዙ የሚል መልእክት ነው።

ይህ ሁሉ የማቀጣጠል ሥራ በየእርከኑ ልጓም አለው። ካይኔዞቹ ለለጠፉት ፎስፌት የሚያነሡ ፎስፋቴዞች አሉ፤ ሥራቸውን የጨረሱ ተቀባዮችን ለጥፋት ምልክት የሚያደርጉባቸው ፕሮቲኖችም አሉ። ሕዋሱ ከተቀሰቀሰ በኋላ ሲቲኤልኤ 4 የሚባል ተቀባይ በላዩ ላይ ያወጣል፤ ይህም አጋዡን መልእክት የሚያመጣውን ፕሮቲን ከሌላው ተቀባይ ነጥቆ ይይዘዋል። ይህ ልጓም ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ በ1995 ታየ። ሲቲኤልኤ 4 የሌላቸው ሆነው እንዲወለዱ የተደረጉ አይጦች ሊምፎሳይቶቻቸው ያለ ልክ ተባዝተው የገዛ አካላቸውን ሲያጠፉ፣ ከተወለዱ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ሞቱ። ጠላት አልገባባቸውም፤ የገደላቸው መልእክቱን የሚያጠፋ መታጣቱ ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። ሁለተኛው መልስ የወጣው በ1983 ኔቸር በሚባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት ላይ ሲሆን፣ የጽሑፉ ቀዳሚ ደራሲ ኢትዮጵያዊው አበበ ሐረገወይን ነበር፤ ጉዳልና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ባልደረቦችም ነበሩበት። ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ከተቀሰቀሱ ቲ ሊምፎሳይቶች የተገኘውን ፈሳሽ፣ ማለት ሕዋሳቱ ኢንተርሉኪን 2ንና መሰሎቹን ያፈሰሱበትን ውሃ፣ ወስደው በሌፕሮማተስ በሽተኞች ዝምተኛ ሕዋሳት ላይ ከባክቴሪያው ጋራ ጨመሩበት። ዝም ያሉት ሕዋሳት መልስ ሰጡ። ቡድኑ በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ በኢንተርሉኪን 2 ራሱ ማድረግ እንደሚቻል አሳተመ።

የዚህን ትርጉም ለመረዳት የ1971ዱን ርእስ ማስታወስ ይበቃል። ባክቴሪያውን የሚያውቁ ሕዋሳት ከሌሉ ተባዙ የሚለውን መልእክት ለማን ይነግሩታል? ስለዚህ ሕዋሳቱ አሉ፤ የጎደላቸው ኢንተርሉኪን 2ን ማፍራት ነው አሉ ተመራማሪዎቹ። እዚህ ላይ ልናመሰግነው የሚገባን ነገር አለ። በ1971 የሌሉ ናቸው ያለው ጉዳል ራሱ፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ አሉ በሚለው ጽሑፍ ላይ ስሙን አኑሮአል። ሰው የራሱን ቃል ሲያፈርስ ማየት በእኛ አገር ብዙ የተለመደ አይደለም፤ በሌላም አገር የተለመደ መሆኑን እንጠራጠራለን።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1987 በአሜሪካ ማርክ ጄንኪንስና ሮናልድ ሽዋርትዝ ለዚህ ነገር ምክንያት ሊሆን የሚችል ሥርዐት አሳዩ። ቲ ሊምፎሳይት ለመነሣት ሁለት መልእክት ያስፈልገዋል፤ አንደኛው ከተቀባዩ፣ ሁለተኛው ከአጋዡ። የመጀመሪያው መጥቶ ሁለተኛው ሲቀር ሕዋሱ አይሞትም፤ ይደነዝዛል። ኋላ ሁለቱም ቢመጡለት እንኳ ኢንተርሉኪን 2ን ማፍራት ያቅተዋል። እንዲህ ያሉ የደነዘዙ ሕዋሳት በብርጭቆ ውስጥ ኢንተርሉኪን 2 ሲሰጣቸው የሚነቁ መሆናቸው በኋላ ተረጋገጠ። የዘነበወርቁ ሥራ ለዚህኛው አባት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ግን ቀድሞ የታተመው እርሱ መሆኑን ለመናገር አናፍርም።

ሆኖም ነገሩ በዚህ አላለቀም። በ1980ዎቹ ሌሎች ላቦራቶሪዎች በበኩላቸው በሽተኞቻቸውን ሲመረምሩ ሁልጊዜ ይህን የመሰለ ውጤት አላገኙም። አንዳንዶቹ በሽተኞች ነቁ፤ አንዳንዶቹ ኢንተርሉኪን 2 ቢጨመርላቸውም ዝም አሉ። በኒው ዮርክ እነ ባሪ ብሉም ቀደም ብለው ሌላ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ይኸውም ሌሎቹን የሚገቱ፣ አፋኝ የሚባሉ ቲ ሊምፎሳይቶች አሉ የሚል ነበር። ይህ ሐሳብ ለተወሰነ ጊዜ ብዙ ተከታይ ካገኘ በኋላ፣ አፋኞቹን ለይቶ የሚያሳይ አስተማማኝ ምልክት ስለ ጠፋ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተናቀ። ስለ አፋኝ ሕዋሳት የሚጽፍ ሰው የሚሳቅበት ጊዜ ነበር ይባላል።

ሐሳቡን ከውድቀት ያነሣው ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ ነው። በ1995 እንዳሳየው፣ ከአይጥ ቲ ሊምፎሳይቶች ውስጥ ሲዲ 25 የሚባለውን ምልክት በላያቸው የያዙት ተለይተው ሲወጡ የቀሩት በገዛ አካላቸው ላይ ይነሣሉ፤ የወጡት ሲመለሱላቸው ግን ጸጥ ይላሉ። ስለዚህ ጸጥታን የሚጠብቁ ሕዋሳት በእርግጥ አሉ። ለዚህ ሥራ ሳካጉቺ ከሜሪ ብራንኮውና ከፍሬድ ራምስዴል ጋራ በ2025 የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ሲዲ 25 ምን እንደ ሆነ ነው። ሲዲ 25 የኢንተርሉኪን 2 ተቀባይ አንዱ ክፍል ነው። ጸጥታ ጠባቂዎቹ ይህን ተቀባይ በብዛት ስለሚይዙ በአካባቢያቸው ያለውን ኢንተርሉኪን 2 ጠጥተው ለሌሎቹ እንዳይደርስ ያደርጋሉ። እነ አበበ ሐረገወይን በ1983 ከውጭ የጨመሩትና እነዚህ ሕዋሳት ከውስጥ የሚጠጡት አንድ ነገር ነው።

ሦስተኛው መልስ የተሰጠው በዚሁ መንገድ ነው። በ2014 የአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ቅድስት ቦቦሻ ከሆላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ጋራ ባሳተመችው ጥናት፣ ከ18 የሌፕሮማተስ በሽተኞች ደም ሲዲ 25 ያላቸው ሕዋሳት ተለይተው ወጡና የቀሩት ከባክቴሪያው ጋራ ተገናኙ። ከ18ቱ የ7ቱ ሕዋሳት ነቁ። ከዚያም ከዚያው ሰው የተወሰዱት ሲዲ 25 ያላቸው ሕዋሳት ሲመለሱላቸው እንደገና ዝም አሉ። የቀሩት የ11ዱ ሕዋሳት ግን ጸጥታ ጠባቂዎቹ ቢወጡላቸውም አልነቁም።

ይህ ውጤት ለአንደኛው ወገን ፈርዶ ሌላውን የሚያሳፍር አይደለም፤ እኛን ያስደሰተንም ይኸው ነው። ለ7ቱ በሽተኞች የ1983ቱ ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ሕዋሳቱ ኖረው ተገትተዋል፤ የሚገታቸውም ታውቆአል። ለ11ዱ ግን ወይ የ1971ዱ ሐሳብ አሁንም ይሠራል፤ ወይ ሌላ ልጓም ይዞአቸዋል። በ1980ዎቹ ላቦራቶሪዎቹ እርስ በርሳቸው ያልተስማሙት አንዱ ሲሳሳት አንዱ ስላልተሳሳተ ሳይሆን፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ሁለት ዐይነት በሽተኞች ስለ ነበሩአቸው ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን። ሌፕሮማተስ የሚለው ስም አንድ ስለ ሆነ በሽተኞቹም አንድ መስለው ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለማይነሣ መልእክት ነው። በዚያው ግቢ፣ አንዳንድ ጊዜም በዚያው ክፍል፣ የተገላቢጦሹ በሽታ ይታከማል፤ ይኸውም ሪአክሽን የሚባለው ነው። በበሽታው መካከለኛ ደረጃ ያሉ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ፣ ዝም ብለው የቆዩት ሕዋሳቶቻቸው በድንገት ይነሣሉ። በ1976 ጉናር ብዩኔና ባልደረቦቹ በኢንስቲትዩቱ እንዳሳዩት፣ የሊምፎሳይቶቹ መልስ ከቁስሉ መቆጣት ጋራ አብሮ ይሄዳል። የቆዳው ምልክት ይቀላል፣ ያብጣል። ከቆዳው ይልቅ የሚያስፈራው ግን ነርቡ ነው፤ ባክቴሪያው በነርቭ ውስጥ ስለሚኖር ሕዋሳቱ ሲያሳድዱት ነርቡንም ይጎዱታል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጣት ሊታጠፍ፣ እግር ሊሰንፍ፣ የዐይን ቆብ መከደን ሊያቅተው ይችላል። ሰው ሥጋ ደዌ የሚለውን ስም ሲሰማ የሚያስበው የእጅና የእግር ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ከነርቭ መጎዳት ነው።

እዚህ ላይ ሐኪሙ የሚፈልገው መቀስቀስን ሳይሆን ማጥፋትን ነው። ለዚህ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው። ፕሬድኒሶሎን ወደ ሕዋሱ ገብቶ ከራሱ ተቀባይ ጋራ ወደ አስኳሉ ይሄድና ቁጣን የሚያቀጣጥሉትን ዘረ መሎች ይዘጋል። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚዘጋው እነዚያን ብቻ ስላልሆነ፣ ለብዙ ወራት የሚወስድ ሰው ስኳር፣ የአጥንት መሳሳት፣ ሌላም ተላላፊ በሽታ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ በጠበበ ቦታ ላይ የሚያጠፋ መድኃኒት ተፈለገ፤ አንዱም ሳይክሎስፖሪን ነበር። ይህ መድኃኒት የተገኘው በ1969 ከኖርዌይ ከሐርዳንገር አምባ ከተነሣ አፈር ውስጥ ካለ ሻጋታ ነው። ሐንሰን ኖርዌጃዊ፣ ጉዳል ኖርዌጃዊ፣ መድኃኒቱም የኖርዌይ አፈር መሆኑ ያጋጣሚ ነገር ነው፤ ቢሆንም ሳንጠቅሰው ማለፍ አልሆነልንም። ሥራው ግን ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆይቶ በ1991 በአሜሪካ የነስቱዋርት ሽራይበር ቡድን ሳይክሎስፖሪን የሚይዘው ካልሲኒውሪንን መሆኑን አሳየ። ቀደም ሲል እንዳልነው ካልሲኒውሪን ከተያዘ ኤንፋት ወደ አስኳሉ አይገባም፤ ኢንተርሉኪን 2ም አይፈራም። መልእክቱ ከደጅ ተነሥቶ መንገድ ላይ ይቆማል።

በአለርት በሪአክሽን በተያዙ 73 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት በ2016 ታተመ። ለአንደኛው ወገን ፕሬድኒሶሎን፣ ለሁለተኛው በዋናነት ሳይክሎስፖሪን ተሰጠ። ለበሽተኛውም ለሐኪሙም የትኛው ለማን እንደ ተሰጠ አልተነገረም። የቆዳው ቁጣ በአንደኛው ወገን በመቶ 91፣ በሌላው በመቶ 92 ተሻለ፤ ማለት ሁለቱ መድኃኒቶች በዚህ ረገድ እኩል ሆኑ። የነርቡም መሻል በጣም አልተለያየም። ነገር ግን ሪአክሽኑ በሁለቱም ወገን በመቶ 85 ተመልሶ መጣ፤ ሳይክሎስፖሪን የወሰዱትንም ፈጥኖ መጣባቸው፤ ተጨማሪ ፕሬድኒሶሎንም አስፈለጋቸው።

ይህ ቁጥር እንደ ነገሩ ቢታይ ቅር ያሰኛል፤ በሕዋስ ትምህርት ሲታይ ግን እንግዳ አይደለም። ፕሬድኒሶሎን ዘረ መሉን ይዘጋል፤ ሳይክሎስፖሪን ካልሲኒውሪንን ይይዛል፤ ሁለቱም መልእክቱን በጉዞው ላይ ያቆሙታል እንጂ ላኪውን አያስወግዱትም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1981 ወዲህ ያዘዘው ድብልቅ መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ የሞተው ባክቴሪያ ቁራጭ ግን በነርቭ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቀራል፤ ቁራጩም እስካለ ድረስ ለቲ ሊምፎሳይቱ የሚያሳየው ሕዋስ አይጠፋም። መድኃኒቱ ሲቀነስ መንገዱ ይከፈታል፤ መልእክቱም ካቆመበት ይቀጥላል። ሕዋሱ በተፈጥሮው የሚያጠፋበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው፤ ከፎስፋቴዞች እስከ ሲቲኤልኤ 4ና እስከ ጸጥታ ጠባቂዎቹ ድረስ በየእርከኑ ጥቂት ጥቂት ያጠፋል እንጂ በአንድ ቦታ ጥርቅም አድርጎ አይዘጋም። ይህን ሥራ የሚኮርጅ መድኃኒት ለሪአክሽን ገና አልተገኘም። ያም ቢሆን የሌፕሮማተስ ዝምታ ያተረፈውን ችግር እያሰብን ልጓሙን ማጥበቅ ይገባል ለማለት ያስፈራል፤ ለአንዱ በሽተኛ መድኃኒት የሆነው ልጓም ለሌላው በሽታው ራሱ ነውና።

በኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ በሽተኞች ይመዘገባሉ። ከነዚህ ሪአክሽን የሚነሣባቸው ሕክምናው ካለቀ በኋላም ነርባቸው በየጊዜው ይመረመራል። ለምርመራው የሚያገለግለው ቀጭን የናይሎን ክር ነው። በሽተኛው ዐይኑን ይጨፍናል፤ መርማሪው ክሩን በመዳፉና በእግሩ ላይ እስኪታጠፍ ድረስ ይነካካል፤ በሽተኛውም የነካውን ቦታ በጣቱ ያመለክታል። ባለፈው ወር የመለከተውን ቦታ ዛሬ ካላመለከተ ፕሬድኒሶሎን እንደገና ይታዘዝለታል።